ኮለማችን ለምን ቶሎ ይደክማል?

ጥያቄ፦ በመድኃኒት ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ላቦራቶሪ እሠራለሁ። የኤችፒኤልሲ ኮለሞቻችን ግፊታቸው ቶሎ እየጨመረ ያስቸግሩናል። ሁሉም ይጠቀምባቸዋል፤ መዝገብ ግን የለንም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ መጀመሪያ የማታውን አስተጣጠብ ይመልከቱ። ፎስፌት በፈር ሲያልፍበት በዋለ ኮለም ላይ በቀጥታ ንጹህ አሲቶናይትራይል ከለቀቁበት ጨዉ እዚያው ይዘቅጣል፤ ግፊቱ ብዙ ጊዜ የሚያሻቅበው በዚህ ነው። በፈሩን በ90 እጅ ውሃና በ10 እጅ አሲቶናይትራይል ያስወጡ፤ የማሳደሪያው ፈሳሽ ከዚያ በኋላ ይግባ። 250 በ4.6 ሚሊሜትር የሆነ ኮለም የሚይዘው 2.5 ሚሊሊትር ገደማ ስለሆነ፣ በደቂቃ 1 ሚሊሊትር ቢለቁ በ25 ደቂቃ አሥር እጥፉ ያልፍበታል። ሰርቪስ እንዳያመልጠው ለቸኮለ ሰው ግን አምስት ደቂቃም ትበዛበታለች! ኮለሙ ተራ ሲሊካ ሲ18 ከሆነ ደግሞ የሞባይል ፌዙ ፒኤች ከ2 እስከ 8 ባለው ይወሰን።

መዝገቡ ለእያንዳንዱ ኮለም በመለያ ቁጥሩ ይከፈት። ቀኑ፣ የተመረመረው መድኃኒት፣ ሞባይል ፌዙ፣ የኢንጀክሽኑ ብዛት፣ ግፊቱ፣ ያደረበት ፈሳሽና ፊርማ ይግቡበት። ከሁሉ የማይቀሩት ግን የቴይሊንግ ፋክተሩና የፕሌት ቁጥሩ ናቸው፤ አዲስ ሳለ ከተመዘገበው ጋር ካልተነጻጸሩ የኮለሙን መድከም የምታውቁት ምርመራው መሀል ላይ ሲበላሽባችሁ ነው። ከተቻለ አንዱን ኮለም ለአንድ መድኃኒት ብቻ መድቡ። መዝገቡም ኮለሙ ከመሣሪያው ሳይወጣ ይሞላ፤ በማግስቱ በትዝታ የተሞላውን ኢንስፔክተር አይቀበለውም።