ፓውዛውን አትስበሪው

ቆይ እህቴ፣ መዶሻውን አስቀምጪው። የፓውዛውን የውጭ ብርጭቆ ሰብረሽ፣ ውስጡ ባለችው ቱቦ ኢፕሮሙን፣ ያን በጨረር የሚጠፋውን የመረጃ ቺፕ፣ ልታጠፊ እንደሆነ ገብቶኛል። ያጠፋዋል፣ አልክድሽም። ግን ያ ብርጭቆ የተደረገው አደገኛውን አልትራቫዮሌት ጨረር እንዲያስቀር ነው፤ ሲሰበር ቺፑ ያገኘውን ዓይንሽም ያገኘዋል። በያጆቹን ጠይቂያቸው። ሲነካሽ ምንም አይሰማሽም፤ ከሰዓታት በኋላ ግን፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት፣ ዓይንሽ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁርሻል።

ፀሐይ ላይ ላስጣው እንዳትዪኝ። አሰላ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ፊት ትልጣለች፤ ለዚህ ሥራ የምንፈልገው 253.7 ናኖሜትር ጨረር ግን ኦዞን ላይ ይቀራል፣ ጭላሎ ጫፍ ብትወጪም አታገኚውም። በተረፈው ደካማ ጨረር ለማጥፋት የቀጥታ ፀሐይ አንድ ሳምንት ያህል ይፈልጋል። በአርሲ ክረምት ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ከየት ይመጣል? የሐሰተኛ ብር መለያውና የጥፍር ጄል ማድረቂያውም 365 ናኖሜትርና ከዚያ በላይ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ብታበሪያቸው ቺፑን አያጠፉልሽም።

ኢንቴል በ1971 እ.ኤ.አ. ካወጣው ከመጀመሪያው ኢፕሮም ጀምሮ ነገሩ አንድ ነው። መረጃውን የሚይዙት ኤሌክትሮኖች ዙሪያቸው ስለተዘጋ ኃይል ቢቋረጥም አይወጡም፤ የ253.7 ናኖሜትሩ ጨረር ግን ለመውጣት የሚበቃ ጉልበት ይሰጣቸዋል። የቺፑ መስኮት ኳርትዝ የሆነችውም ተራ መስታወት ጨረሩን ስለማያሳልፍ ነው።

የሚያስፈልግሽ ለውኃ ማከሚያ የሚሠራው ጀርም ገዳይ ቱቦ ነው፤ ውስጡ ነጭ ዱቄት የለውም፣ ጥርት ያለ ነው። ባለ 8 ዋቱ የተራው 8 ዋት ፍሎረሰንት ባላስትና ሶኬት ይሆነዋል። ብርሃን የማያሾልክ የቆርቆሮ ሳጥን ሥሪለት፤ ክዳኑ ሲከፈት መብራቱን የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያም ግጠሚ። እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቢ፣ እለምንሻለሁ። «ለአንድ አፍታ ልየው» ማለት የለም።

መስኮቷን በአልኮል ጥረጊ፤ የጣት አሻራና የስቲከር ሙጫ ጨረሩን ያግዳሉ። ቺፑን ከቱቦው 2.5 ሴንቲሜትር ያህል አርቀሽ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አቆዪው። ከዚያ በፕሮግራመሩ አንብቢው፤ ሁሉም ኤፍኤፍ፣ ማለትም ባዶ፣ ካልሆነ ጥቂት ደቂቃ ጨምሪለት። አዲሱን ጽፈሽ ስትጨርሺ መስኮቷን ብርሃን በማያሳልፍ ስቲከር ሸፍኛት፤ የክፍል ፍሎረሰንት እንኳ በዓመታት ውስጥ ሊያጠፋው ይችላል።

የድሮውን ፋይልስ አንብበሽ አስቀምጠሻል? ካላስቀመጥሽ አሁኑኑ፣ መብራቱን ሳትነኪ።