ከጭንቀቷ በፊት ኑሮዋን ጠይቂያት

እህቴ፣ የሥነ ልቦና ማማከር ልምምድሽን እዚሁ ኩዌት ከእኛው የቤት ሠራተኛ ልጆች ጋር ልትጀምሪ መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ዓርብ ኢጃዛ (ዕረፍት) አግኝታ ከሳልሚያ ወይም ከፈርዋንያ የመጣች ልጅ ፊትሽ ከመቀመጧ በፊት ግን ጥቂት ነገር ልምከርሽ።

መጀመሪያ የምትነግርሽ ሰውነቷን ነው። ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ትልሻለች። ቶሎ ብለሽ የበሽታ ስም አትስጫት። የት ነው የምትተኚው? ስንት ሰዓት? በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? ደመወዝሽ ገባ? ብለሽ ጠይቂያት። እጇንም እዪ፤ በረኪና የላጠው ጣት ያልተነገረ ብዙ ነገር ይናገራል።

እ.ኤ.አ. በ2017 አንዲት ኢትዮጵያዊት እዚሁ አገር ከሰባተኛ ፎቅ መስኮት ተንጠልጥላ «ያዥኝ» እያለች ስትማጸን፣ አሠሪዋ በስልክ ትቀርጻት ነበር። ራሷን ልትገድል ነው ተባለ። ከሞት ተርፋ ስትጠየቅ ግን ልትገድለኝ ነው ብዬ ከአሠሪዬ ስሸሽ ነው አለች። የምልሽ ይህንኑ ነው፤ ፍርሃት ሁሉ በሽታ አይደለም። አደጋው እውነት ከሆነ አተነፋፈስ ማስተማር ብቻውን አያድናትም።

ስለዚህ ሕጉን እወቂ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 ሥራው በቀን ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት እንዲኖር ይደነግጋል፤ ያለ ፈቃዷ ፓስፖርቷን መያዝም ይከለክላል። መብቷን ማወቋ ራሱ ቀና ያደርጋታል። ነገር ግን «ውጪ ከዚያ ቤት» ብለሽ አትወስኝላት። ከፊሏ (ስፖንሰር አሠሪዋ) ጠፋች ብሎ ካመለከተ መኖሪያ ፈቃዷ አደጋ ላይ ይወድቃል። ምርጫዎቹን ከነመዘዛቸው አስቀምጪላትና ውሳኔውን ለእሷ ተዪላት።

ዓርብን የማያገኙም ብዙ ናቸው። እነሱን የምታገኚያቸው በኢሞ የስልክ መተግበሪያ ነው፤ አንዷ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ቧንቧ ከፍታ በሹክሹክታ ታወራሻለች። ከሁሉ በፊት አሁን ማውራት ትችያለሽ ወይ በያት። ማዳም ድንገት ብትመጣ ወሬውን ወደ ምን እንደምታዞሩት ቀድማችሁ ተስማሙ፤ የእናቷ ጤና ሊሆን ይችላል።

ከትምህርትሽ ውስጥ አንዱን ብቻ ይዘሽ ሌላውን አትጣዪ። ካርል ሮጀርስ ሳይፈርዱ ማዳመጥን አስተምሮናል፤ ከዚያ ጀምሪ። አሮን ቤክ ደግሞ ሐሳብን ከማስረጃ ጋር ማስተያየትን አሳይቶናል፤ እሱ የሚጠቅምሽ ልጅቷ ከተረጋጋች በኋላ ነው። የፖል ጊልበርት ርኅራኄን ያማከለ ሕክምና ደግሞ ለእኛ ልጆች በጣም ይሠራል፤ ራሳቸውን የሚወቅሱ ብዙ ናቸውና። የደላላ ዕዳ አልከፈልኩም፣ ለወንድሜ የትምህርት አልላክሁም፣ ቤተሰቤን አሳፈርኩ ትልሻለች። ያኔ ይህ ሁሉ የደረሰባት ታናሽ እህትሽ ብትሆን ምን ትዪያት ነበር ብለሽ ጠይቂያት። ዝም ካለች ዝምታውን አትሙዪባት፤ ጠብቂያት። የምትመልስልሽን ቃል ለራሷ ደግማ እንድትለው አድርጊ።

ጸበል ወይም ዱዓ እፈልጋለሁ ካለችሽ አትሟገቻት። እምነቷ ጉልበቷ ነው፤ ሕክምናውም ጎን ለጎን ይሄዳል። መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ግን እንዳታቋርጥ አደራ በያት።

አቅምሽንም እወቂ፤ ገና ተለማማጅ ነሽ። መሞት ይሻለኛል የሚል ነገር ከሰማሽ፣ ራስሽን ስለማጥፋት እያሰብሽ ነው ወይ ብለሽ በግልጽ ጠይቂያት። መጠየቅሽ ሐሳቡን አይዘራባትም፤ እንዲያውም ትንፋሽ ይሰጣታል። አዎ ካለች፣ ድምፅ እሰማለሁ ካለች ወይም ቀናት ያለ እንቅልፍ ከቆየች፣ ብቻሽን አትያዢው። ወዲያውኑ ለአሠልጣኝሽ ደውዪ፤ የአእምሮ ሐኪም እንዲያያትም አድርጊ፤ የኩዌት የአእምሮ ጤና ማዕከል በሰባህ የሕክምና ሰፈር ይገኛል።

በመጨረሻም፣ ከመለያየታችሁ በፊት ይዛው የምትሄድ አንድ ነገር ይኑራት፤ በቃሏ የያዘችው ስልክ ቁጥር፣ የሥራ ሰዓቷን የምትመዘግብበት ወረቀት፣ ወይም ሳምንቱን ሙሉ የምትደውልላት አንዲት ጓደኛ ይሁን። በሚቀጥለው ስትገናኙ የትኛው እንደረዳት ጠይቂያት፤ ቀጣዩን እርምጃሽን ከመልሷ ትማሪያለሽ።