የትከሻ ሽምጠጣ፦ እስክስታ በፊዚክስ ዓይን

በእንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ሽምጥ የሚጋልቡ ፈረሶችን ለተመለከተ ተማሪ፣ «ሽምጠጣ» የሚለው የፊዚክስ ቃል እንግዳ አይሆንበትም። ሽምጠጣ ማለት ፍጥነት በአንድ የጊዜ አሃድ ውስጥ የሚለወጥበት መጠን ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ጽንሰ ሐሳብ ከፈረሱ ወደ ተወዛዋዡ ትከሻ አምጥተን እንመለከታለን። ጥያቄያችንም፣ እስክስታ የሚለማመድ ጀማሪ ከበሮው ሲፈጥን ትከሻው ለምን ወደ ኋላ ይቀርበታል? የሚል ነው።

መነሻው እንቅስቃሴ

ጀማሪው እግሮቹን በጥቂቱ ከፍቶ፣ ክንዶቹን አዝናንቶ ይቆማል። ከዚያም ጭብጨባ እየተከተለ ሁለቱን ትከሻዎቹን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሳል። ትከሻው ከታች እስከ ላይ 6 ሳንቲ ሜትር ቢጓዝ፣ የውዝዋዜው ስፋት የዚህ ግማሽ፣ ማለትም 3 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

ስሌቱ

እንቅስቃሴውን እንደ ቀላል ሃርሞኒያዊ ውዝዋዜ ብንወስደው፣ ከፍተኛውን ሽምጠጣ የምናገኘው 39.5ን በድግግሞሹ ካሬና በስፋቱ በማባዛት ነው። ስለዚህ በሴኮንድ 1 ጊዜ ሲወዛወዝ 1.2፣ 2 ጊዜ ሲወዛወዝ 4.7፣ 3 ጊዜ ሲወዛወዝ ደግሞ 10.7 ሜትር በሴኮንድ ካሬ እናገኛለን።

የምድር ስበት የሚሰጠው ሽምጠጣ 9.8 መሆኑን እናስታውስ። ጀማሪ ትከሻውን በጡንቻው ያነሣና መውረዱን ለስበት ይተወዋል። በዝግታ ሲወዛወዝ ይህ ያዋጣዋል፤ በሴኮንድ 3 ጊዜ ላይ ሲደርስ ግን ስበት ብቻውን ትከሻውን በሰዓቱ ሊያወርደው አይችልም። ብዙዎች «ተሰጥኦ የለኝም» ብለው የሚተዉት እዚህ ላይ ነው። ችግሩ ግን ቢያንስ በከፊል ሊለካ የሚችል ነው።

የልምምድ ምክር

አንደኛ፣ ትከሻን ማንሣት ብቻ ሳይሆን በጡንቻ ወደ ታች መሳብንም በዝግታ መለማመድ ይገባል። ሁለተኛ፣ ምቱ ሲፈጥን ስፋቱን መቀነስ ያስፈልጋል። በሴኮንድ 3 ጊዜ ስንወዛወዝ ስፋቱን ወደ 1.5 ሳንቲ ሜትር ብናወርደው ሽምጠጣው ወደ 5.3 ይወርዳል። ድግግሞሹ እጥፍ ሲሆን ሽምጠጣው እንዳይጨምር ከፈለግን ስፋቱ ወደ ሩብ መውረድ አለበት።

ለአንባቢያን መልመጃ

በሴኮንድ 4 ጊዜ የሚወዛወዝ ትከሻ በስበት ብቻ መውረድ የሚችልበት ትልቁ ስፋት ስንት ነው? ስሌታችሁ 1.55 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከሰጣችሁ ትክክል ናችሁ። ቀጥሎ ማስመሪያና ሰዓት ይዛችሁ ከጓደኛችሁ ጋር ለኩት፤ የእጅ ስልክ ካሜራ ካገኛችሁም ቀርጻችሁ በዝግታ ተመልከቱት።