መቶ ቀን ሸጦ ዓመት ማደር
የኮኒ አይላንድ የባንኮኒ ምግብ ቤት ለነጋዴ የሚያስተምረው

በባሕር ዳርቻ የመዝናኛ ከተማ ምግብ ቤት ለመክፈት የሚነሣ ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ልሽጥ?» ብሎ ነው። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን «በዓመት ስንት ቀን እሸጣለሁ?» የሚለው ነው። ኪራይ በ12 ወር ይከፈላል፤ ገበያው ግን ፀሐይ ስትወጣ መጥቶ ስትገባ የሚሄድ ነው። ይህን በሚገባ የሚያሳየን በኒውዮርክ ከተማ፣ በብሩክሊን ደቡባዊ ጫፍ ባለችው በኮኒ አይላንድ የተጀመረው የናታን ሆት ዶግ መሸጫ ታሪክ ነው።

ናታን ሃንድወርከር ከምሥራቅ አውሮፓ ተሰዶ እ.ኤ.አ. በ1912 አሜሪካ የገባ ሰው ነው። በኮኒ አይላንድ ስመ ጥር በነበረው የፌልትማን ምግብ ቤት ተቀጥሮ ሠርቷል። ፌልትማን በአስተናጋጆች የሚሠራ፣ ሰፊ ግቢ የያዘ ድርጅት ሲሆን፣ በዳቦ መሃል የገባ ቋሊማ፣ ማለትም ሆት ዶግ፣ በ10 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። ናታን እ.ኤ.አ. በ1916 የራሱን መሸጫ ሲከፍት ዋጋውን በግማሽ ሰብሮ በ5 ሳንቲም አቀረበው። መነሻው የ300 ዶላር ቁጠባ እንደነበር ድርጅቱ ይናገራል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ናታን ዋጋ ብቻ አለመስበሩ ነው። አስተናጋጅ፣ ወንበርና ሰፊ አዳራሽ ቀነሰ። ደንበኛው ባንኮኒው ላይ ከፍሎ፣ ዕቃውን ተቀብሎ፣ ቆሞ ወይም እየሄደ ይበላል። ጎረቤቱ ዋጋውን ተከትሎ ልውረድ ቢል የአዳራሹና የአስተናጋጁ ወጪ አይለቀውም። ወጪን ሳይቀንሱ ዋጋ መስበር የራስን ካፒታል ለገበያተኛ ማደል ነው።

ርካሽነት ግን ጥርጣሬም ያመጣል። «በ5 ሳንቲም ምን ዓይነት ሥጋ ነው?» የሚል ሐሜት ሲነሣ፣ ናታን ነጭ ካፖርት የለበሱ ሰዎች በነጻ እንዲበሉ አድርጎ «ሐኪሞች ከበሉትማ» አሰኝቷል እየተባለ ይተረካል። ተረት ይሁን እውነት፣ ዋጋ የሰበረ ነጋዴ የዕቃውን ጥራት ማሳመን እንዳለበት ያስተምራል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ቁጥሮቹ የናታን መዝገብ ሳይሆኑ ለትምህርት የተወሰዱ ናቸው። የቦታው ኪራይና ሌላው ቋሚ ወጪ በዓመት 1,000 ዶላር ነው እንበል። ሥጋው፣ ዳቦውና የሻጩ ደመወዝ ተቀንሶ ከአንድ ደንበኛ 2 ሳንቲም ይተርፋል። ወጪውን ለ365 ቀን ያካፈለ ሰው በቀን 2 ዶላር ከ74 ሳንቲም ያገኛል፤ 137 ደንበኛ ከመጣልኝ ይበቃኛል ብሎ ይፈርማል። ነገር ግን የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ገበያ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ከግንቦት ሦስተኛ ሳምንት እስከ ነሐሴ መጨረሻ፣ መቶ ቀን ያህል ነው። ለመቶ ሲካፈል በቀን 10 ዶላር ይሆናል፤ 500 ደንበኛ ያስፈልጋል። ከመቶው ቀን 20ው ዝናብ ቢሆንስ? የቀኑ ድርሻ 12 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይደርስና 625 ሰው ይጠይቃል።

ይህ ሁሉ ሰው ደግሞ ተበታትኖ አይመጣም። የግፊያው ሰዓት አራት ሰዓት ብቻ ቢሆን፣ በደቂቃ አንድ ሰው የሚያስተናግድ ሻጭ 240 ደንበኛ ይሸኛል። ስለዚህ ሦስት ሻጭ ያስፈልጋል። ዝርዝሩ ከበዛና እያንዳንዱ ደንበኛ ሁለት ደቂቃ ከወሰደ ግን ስድስት ሻጭ ሊቀጠር ነው። የባንኮኒ ንግድ አጭር የምግብ ዝርዝር የሚወደው በዚህ ምክንያት ነው።

625 ሰው ከየት ይመጣል? የናታን መሸጫ በሰርፍና በስቲልዌል ጎዳናዎች ማዕዘን ላይ ነው። በ1920 አካባቢ የከተማው ባቡር ማዕከላዊ ጣቢያ ፊት ለፊቱ ተጠናቀቀ። የባቡሩ ዋጋ እስከ 1948 ድረስ 5 ሳንቲም ስለነበር፣ ላብ አደሩ በ10 ሳንቲም ባሕር ዳርቻ ደርሶ ሆት ዶግ ይበላ ነበር። በ1923 ደግሞ በባሕሩ ጠርዝ ያለው የእንጨት መንገድ ተከፈተ። ቦታ የሚያገናኝ ደላላም ሆነ የሚከራይ ነጋዴ ሊያይ የሚገባው የካሬ ሜትሩን ዋጋ ብቻ ሳይሆን፣ በበሩ የሚያልፈውን እግር ነው።

እንደዚህም ሆኖ በአንድ ዳርቻ ላይ ብቻ መንጠልጠል አደጋ አለው። በጥቅምት 2012 ሳንዲ የተባለው ማዕበል መሸጫውን አጥለቅልቆት እስከ ግንቦት 2013 ተዘግቶ ቆይቷል። ድርጅቱ ግን ያን ጊዜ በባንኮኒው ብቻ የሚኖር አልነበረም። በ1968 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጦ፣ በ1987 ወደ ግል ባለሀብቶች ተዛውሮ፣ በ1993 እንደገና ወደ አክሲዮን ገበያ ተመልሷል። ከ2014 ጀምሮ በጸናው ውል ደግሞ ሌላ አምራች በስሙ ቋሊማ እያዘጋጀ ለሱፐርማርኬት ሲሸጥ፣ ከተጣራ ሽያጩ 10.8 በመቶ የስም ኪራይ እንዲከፍል ተስማምቷል። ባሕር ዳርቻው ስሙን አተረፈለት፤ ስሙ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አሠራው። ቀደምቱ ፌልትማን ግን በ1954 በሩን ዘግቷል።

እንግዲህ አንባቢያችን የኪራይ ውል ከመፈረማቸው በፊት ሦስት ነገር በወረቀት ላይ ያስፍሩ። ወጪውን ለእውነተኛው የገበያ ቀን፣ የዝናቡን ቀን ቀንሰው፣ ያካፍሉ። በግፊያ ሰዓት ባንኮኒው ስንት ሰው እንደሚሸኝ በሰዓት ይለኩ። ቦታው ላይ በበዓል ቀን ብቻ ሳይሆን በተራው ማክሰኞም ቆመው መንገደኛውን ይቁጠሩ። ሦስቱ ቁጥሮች ካልተገናኙ፣ የባሕሩ እይታ የቱንም ያህል ቢያምር ኪራይ አይከፍልም።