ህዋስ ለምን ይከፈላል?

ስለ ህዋስ ክፍፍል የተጠየቀ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ «ፕሮፌዝ፣ ሜታፌዝ፣ አናፌዝ፣ ቴሎፌዝ» ብሎ ይዘረዝራል። እኛም በተማሪነት ዘመናችን እነዚህን ስሞች ሸምድደን ፈተና አልፈናል። «ለምን ይከፈላል?» ብንባል ግን መልስ አልነበረንም። ሙያችን ፊዚክስ ቢሆንም፣ የመልሱ አንዱ ክፍል ቀላል ስሌት ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ እንመለከተዋለን።

ጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ እናስብ። የገጽታው ስፋት 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ይዘቱ 1 ኩብ ሴንቲ ሜትር ነው። ጎኑን 2 ሴንቲ ሜትር ብናደርገው ስፋቱ 24፣ ይዘቱ 8 ይሆናል። ስፋቱ 4 እጥፍ ሲያድግ ይዘቱ 8 እጥፍ አደገ ማለት ነው። ህዋስ ምግብና ኦክስጅን የሚያስገባው በገጽታው በኩል ሲሆን፣ የሚመገበው ግን መላው ይዘቱ ነው። ስለዚህ ህዋሱ በገዘፈ ቁጥር በሩ ለቤተሰቡ እየጠበበ ይሄዳል። ከዚህም ሌላ ሞለኪውሎች እየተጋጩ ስለሚጓዙ፣ ርቀቱ 10 እጥፍ ሲረዝም የሚፈጀው ጊዜ 100 እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ አካላችን የሚያድገው ህዋሳቱን በማግዘፍ ብቻ ሳይሆን በማብዛት መሆኑ አያስደንቅም።

ይሁን እንጂ መከፈል እንደ ዳቦ መቆረስ አይደለም። የሰው የአካል ህዋስ 46 ክሮሞዞሞች አሉት። እንዲሁ ቢቆረስ ለእያንዳንዱ ልጅ ህዋስ 23 ብቻ በደረሰው ነበር። በመሆኑም ህዋሱ አስቀድሞ ዲኤንኤውን በሙሉ ይቀዳል። በፕሮፌዝ ክሮሞዞሞቹ ይጠቀለላሉ፤ በሜታፌዝ በህዋሱ ወገብ ላይ ይሰለፋሉ፤ በአናፌዝ ጥቃቅን የፕሮቲን ክሮች ቅጂዎቹን ለያይተው ወደ ሁለቱ ዋልታዎች ይጎትታሉ፤ በቴሎፌዝ ሁለት ኑክሊየሶች ይፈጠራሉ። ጀርመናዊው ዋልተር ፍሌሚንግ ይህን ሂደት በ1882 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ «ማይቶሲስ» ብሎ የሰየመው ክር የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ነው።

ክሮቹ እያንዳንዱን ክሮሞዞም በትክክል እስኪይዙ ድረስ ህዋሱ መለያየቱን ያዘገያል። የክፍፍል ቁጥጥር ሲበላሽ ህዋሳት ያለ ልክ ይራባሉ፤ ካንሰር የምንለውም ይህንኑ ነው። በልጆች የደም ካንሰር ሕክምና የሚሰጠው ቪንክሪስቲን የተባለው መድኃኒት ክሮቹ እንዳይሠሩ በማድረግ ህዋሱን ሜታፌዝ ላይ ያስቆመዋል።

ውድ ተማሪዎች፣ የሸመደድነው ስም ለሐኪሙ ሕፃን ማዳኛ ስፍራ ነው። ስለዚህ ከስሙ በፊት «ለምን?» ብለን እንጠይቅ።