ስለ ናሺ ዛፍ አተካከልና አያያዝ

ናሺ ማለት በጃፓን ቋንቋ የፒር ስም ነው። ይህ ፍሬ ከኤውሮጳ ፒር ጋራ በዘር ቢዛመድም በመልክና በጣዕም ይለያል፤ የኤውሮጳው አንገቱ ቀጠን ብሎ ታቹ የሰፋ፥ ሲበስልም የሚለሰልስ ነው፤ ናሺ ግን እንደ ፖም ድቡልቡል፥ ሲነክሱት የሚንኮሻኮሽ፥ ከክብደቱም ከመቶ 80 እጅ በላይ ውሃ የሆነ ነው። በቆዳው ሁለት ወገን አለው፤ አንዱ ለስላሳና ከአረንጓዴ ወደ ብጫ የሚያደላ፥ ሁለተኛው ቡናማና ሻካራ ነው። በቻይና፥ በኮርያና በጃፓን ከጥንት ጀምሮ ይተከላል። ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

የፍሬ ዛፍ ነገር ለአገር ገዥ የማይገባ ትንሽ ጉዳይ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ በጃፓን ጥንታዊ ዜና መዋዕል የተጻፈውን የ693 ዓ.ም ትእዛዝ ይመልከት። ንግሥት ጂቶ ሕዝቡ ከአምስቱ እህሎች በላይ የሚረዳው ምግብ እንዲኖረው ከሌሎች ተክሎች ጋራ ፒር እንዲተክል አዘዘች። በዚያ ዘመን ይህ ዛፍ የመኳንንት ግቢ ማስጌጫ ሳይሆን እህል በጎደለ ጊዜ የሚደርስ ስንቅ ሆኖ ተቆጥሯል። (ናሺ የሚለው ቃል በጃፓንኛ «የለም» ከሚለው ቃል ጋራ ድምፁ አንድ ስለ ሆነ፥ ምልኪ የሚፈሩ ሰዎች ስሙን ገልብጠው «አሪ ኖ ሚ» ይሉታል፤ ይኸውም የ«አለ» ፍሬ ማለት ነው።)

ከጃፓን ናሺዎች መካከል ስሙ እጅግ የገነነው ኒጂሴይኪ የሚባለው ነው፤ ትርጓሜውም «ሃያኛው ክፍለ ዘመን» ነው። የተገኘውም በሊቃውንት የሙከራ ቦታ አይደለም። በ1888 ዓ.ም በቺባ ግዛት በማትሱዶ፥ ማትሱዶ ካኩኖሱኬ የተባለ የ13 ዓመት ልጅ በአንድ ዘመዱ ቤት የቆሻሻ መጣያ ላይ ለብቻው የበቀለ የናሺ ችግኝ አየ፤ ነቅሎም በአባቱ የአትክልት ቦታ ተከለው። ዛፉ እስኪያፈራ 10 ዓመት ያህል ፈጀ፤ ባፈራ ጊዜ ግን ቆዳው ስስ፥ ጭማቂው የበዛ፥ ሥጋውም ቀድሞ ከሚታወቁት የለዘበ ሆኖ ተገኘ። በ1898 ዓ.ም ዋታሴ ቶራጂሮ የተባለው የእርሻ ሰው፥ ይህ ፍሬ በሚመጣው ክፍለ ዘመን በሌሎች ላይ ይነግሣል ሲል ስሙን ሰጠው። እናቲቱ ዛፍ በ1935 ዓ.ም በመንግሥት ጥበቃ ሥር ሆነች፤ በጦርነቱ ጊዜ በአየር ድብደባ ተጎድታ በ1947 ዓ.ም ደረቀች። ዘሯ ግን በቅርንጫፍ እየተከተበ እስከ ዛሬ አለ።

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው፥ ፍሬውን በልቶ ዘሩን ቢዘራ መልካም ዛፍ የሚያገኝ ይመስለው ይሆናል። ዳሩ ግን ያ ችግኝ ስለ ምን ዝነኛ ሆነ ቢሉ፥ እንደ እርሱ ያለ በዘር ከበቀለው መካከል እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ ስለሚገኝ ነው። የናሺ ዘር እናቱን አይመስልም፤ ከዘር የሚበቅለው አብዛኛው ፍሬው ትንሽና ሻካራ ይሆናል፤ ያንንም ለማወቅ ባለ አትክልቱ ብዙ ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህ ለሕዝብ ችግኝ ለማደል ያሰበ ሹም አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ሳይሆን የተከተበ መሆኑንና የዓይነቱን ስም ነው። መክተብ ማለት ከመልካሙ ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ፥ ሥሩ በጸና በሌላ የፒር ችግኝ ላይ በስለት ሰንጥቆ ማግባትና ከልጡ ሥር ያለው አረንጓዴ ከአረንጓዴው ጋራ እንዲገጥም አድርጎ አጥብቆ ማሰር ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት የዱሩ ወይራ በመልካሙ ወይራ ላይ መግባቱን ሲናገር ነገሩ ከተፈጥሮ ልማድ ውጭ መሆኑን ራሱ አመልክቷል፤ አትክልተኛ የሚሠራው የዚያን ግልባጭ ነው፤ ሥሩ የዱሩ፥ ራሱ የመልካሙ ይሆናል።

አንድ ዛፍ ብቻውን መትከልም ብዙ ጊዜ ያሳዝናል። ናሺ በአብዛኛው በራሱ አበባ ብናኝ ፍሬ አይዝም፤ አበባው በየዓመቱ እንደ በረዶ ነጭ ሆኖ ይፈነዳል፥ ፍሬው ግን ይቀራል። በአንድ ወራት የሚያብቡ ሁለት ልዩ ልዩ ዓይነቶች በአቅራቢያ ሊኖሩ ይገባል፤ ለምሳሌ ለኒጂሴይኪ ቾጁሮ የሚባለው ቡናማ ናሺ ባልንጀራ ይሆነዋል። ንብ ያለበት ግቢ በዚህ ነገር የታደለ ነው። በጃፓን ግን ብዙ ባለ አትክልቶች ለንብ ብቻ አይተዉትም፤ ብናኙን በላባ እያነሡ አበባውን አንድ በአንድ ይነካሉ።

በጃፓን ምዕራብ ያለችው የቶቶሪ ግዛት የዚህን ተክል ትርፍም መከራም አይታለች። በ1904 ዓ.ም ኪታዋኪ ኤይጂ የተባለው ሰው 10 የኒጂሴይኪ ችግኞች ከማትሱዶ አስመጥቶ ተከለ፤ ጎረቤቶቹም ተከተሉት። ይሁን እንጂ ኒጂሴይኪ ጥቁር ነጠብጣብ የሚባለውን በሽታ ከሌሎቹ ይልቅ የማይችል ዛፍ ነው፤ በሻጋታ ዘር የሚመጣው ይህ በሽታ ቅጠሉን ያጠቁራል፥ ለጋውን ፍሬም ይሰነጥቃል። በሽታው በበረታ ጊዜ ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው ዛፋቸውን ቆረጡ። የቀሩት ያዳኑት በኅብረት መድኃኒት በመርጨትና ፍሬውን ገና ለጋ ሳለ በሰም የተነከረ የወረቀት ከረጢት በማልበስ ነው። በኅብረት መባሉ በከንቱ አይደለም፤ አንዱ ሲረጭ ጎረቤቱ ከተወ በሽታው ከአጥር ተሻግሮ ይመለሳልና፥ የመንደር ሹም ትእዛዝ ከመድኃኒቱ እኩል የሚያስፈልግበት ቦታ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ የጃፓን ሊቃውንት በ1962 ዓ.ም የኒጂሴይኪ ችግኞችን በጨረር መስክ ውስጥ ተከሉ፤ በ1981 ዓ.ም በሽታው የማይነካው አንድ ቅርንጫፍ አገኙ፤ ከእርሱ የተከተበው በ1991 ዓ.ም «ወርቃማው ኒጂሴይኪ» ተብሎ ተመዘገበ። በአንድ ቅርንጫፍ ለማትረፍ 19 ዓመት መጠበቅ ለችኩል ሰው ብዙ ነው፤ ለዛፍ ግን ብዙ አይደለም።

ሁሉን የሚቀድመው ጥያቄ ብርድ ነው። ናሺ በክረምት ቅጠሉን አራግፎ የሚተኛ ዛፍ ስለ ሆነ፥ ብዙዎቹ ዓይነቶች ከ7 ዲግሪ በታች የሆነ ከ400 እስከ 900 ሰዓት የሚደርስ ብርድ ይፈልጋሉ። ብርዱ ከጎደለው እንቡጡ ተኝቶ ይቀራል፥ ወይም ተበታትኖ ያብባል። በጃፓን ደቡብ በኪዩሹ ደሴት እንኳ ክረምቱ በሞቀባቸው ዓመታት እንቡጡ ሳይፈነዳ የደረቀባቸው አሉ። የኢትዮጵያ ደጋ ደግሞ ብርዱ በሌሊት መጥቶ በቀን የሚጠፋ ስለ ሆነ ከጃፓን ክረምት ጋራ አንድ አይደለም። በ1950ዎቹ ዓመታት በሚሲዮናውያን እጅ ፖም በገባበት በጋሞ ደጋ በጨንቻ፥ አትክልተኞች የዛፉን ቅጠል በእጅ እያራገፉ እንዲያርፍና እንደ ገና እንዲያቆጠቁጥ ያደርጋሉ። ናሺንም ለመሞከር የሚወድ ገዥ ወይም ባለ መሬት፥ ብርድ በጥቂት የሚበቃቸውን ዓይነቶች መርጦ፥ አራት ወይም አምስት ዛፍ ብቻ ከፍ ባለ ደጋ ላይ ተክሎ ጥቂት ዓመታት ይመልከት። ከዚያ በፊት ለገበሬ ማደል የድኻውን መሬትና ዕድሜ መውሰድ ነው።

ቦታው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ፥ አፈሩ ጥልቅና ውሃ የማይቋጥር ይሁን። ጉድጓዱ ሥሩ ሳይታጠፍ የሚዘረጋበት ያህል ይስፋ፤ የተከተበበት ጉብታ ግን ከአፈር በላይ ይቅር፤ ከተቀበረ መልካሙ ቅርንጫፍ የራሱን ሥር አውጥቶ የታችኛውን ጥቅም ያስቀራል። ፍግ በልክ ይጨመር። ጃፓኖች ነፋስ ፍሬውን እንዳያረግፍባቸው በሰው ቁመት ከፍታ የሽቦ ዳስ ዘርግተው ቅርንጫፎቹን ጋደም አድርገው ያስሩበታል፤ እንዲህ የሆነ ዛፍ ለመግረዝም ለመልቀምም መሰላል አይፈልግም። በቤት ግቢ ሽቦ ባይኖር፥ ቀጥ ብለው የሚወጡትን ለጋ ቅርንጫፎች በገመድ ወደ ጎን መሳብ ይበቃል፤ የተጋደመ ቅርንጫፍ ቶሎ ያፈራልና።

ፍሬው በያዘ ጊዜ ማሳሳት ያስፈልጋል፤ በዚህ ሥራ የባለ አትክልቱ እጅ ይሳሳል። ከአንድ እንቡጥ ብዙ ፍሬ በዘለላ ስለሚወጣ፥ አንዱን መልካም ትቶ ሌሎቹን መቁረጥ፥ በተተዉትም መካከል 15 ሳንቲ ሜትር ያህል መለየት ይገባል። ያልሳሳ ዛፍ ቅርንጫፉ ይሰበራል፥ ፍሬውም የሚበላ አይሆንም፥ በሚመጣው ዓመትም ያርፋል።

ከበሽታዎች ሁሉ የሚያስፈራው የእሳት ዋግ የሚባለው ነው፤ ለጋው ጫፍ በእሳት እንደ ተለበለበ ጠቁሮ እንደ ከዘራ ይቆለመማል። የታመመውን ክፍል 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ጤነኛው ገብቶ መቁረጥ፥ መቁረጫውንም በየጊዜው በአልኮል መጥረግ፥ የተቆረጠውን ማቃጠል እንጂ ሌላ ቀላል መፍትሔ የለውም። ፍግ የበዛበት ዛፍ ለዚህ ይበልጥ ይጋለጣል። ጃፓን ይህ በሽታ እንዳይገባባት ስለምትፈራ፥ በቻይና መታየቱ በታወቀ ጊዜ በ2023 ዓ.ም ባለ አትክልቶቿ ይገዙት የነበረውን የፒር አበባ ብናኝ ከዚያ እንዳይገባ ከለከለች። እንግዲህ ከውጭ አገር ችግኝ ወይም ቅርንጫፍ በሻንጣ ደብቆ የሚያመጣ ሰው፥ ለራሱ ግቢ አንድ ዛፍ ሲያገኝ በአውራጃው ሁሉ ላይ በሽታ ሊያመጣ ይችላልና፥ በተክል ምርመራ በኩል ያላለፈውን መቀበል አይገባም።

የኤውሮጳው ፒር ጠንካራ ሳለ ተለቅሞ በቤት ይለሰልሳል፤ ናሺ ግን በዛፉ ላይ መብሰል አለበት። አረንጓዴው ወደ ብጫ ሲለወጥ፥ ቡናማውም ሲደምቅ፥ ፍሬውን በመዳፍ ይዞ ወደ ላይ ቀና ቢያደርጉት በቀላሉ ይለቃል። ቆዳው ቶሎ ስለሚበልዝ እንደ እንቁላል በጥንቃቄ ይያዝ፤ በብርድ ቦታ ሳምንታት ይቆያል። ጃፓኖች ልጠው፥ የመካከሉን ልብ አውጥተው፥ አቀዝቅዘው ከምግብ በኋላ ይበሉታል፤ ኮርያውያን ደግሞ ፈቅፍቀው በሥጋ ላይ ያሹታል፥ ሥጋውን ያለሰልሳልና።