ሕገ መንግሥት ማጥናት ለሙስሊም ምን ይፈይዳል?

በአላህ ስም እጅግ በጣም ርኅሩኅ በጣም አዛኝ በሆነው።



ባለፈው ዒድ ወደ ትውልድ አገሬ ዲንሾ ሄጄ ነበር። ሌላው ሰው ዲንሾን የሚያውቃት በደጋ አጋዘኗና በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ እኛ ተወላጆቿ ግን በብርዷ፣ በገብሷና በፈረሶቿ ነው የምናውቃት። ከሶላት በኋላ አንድ ዘመዳችን ቤት ተሰብስበን ሳለ፣ በልጅነቴ ቁርአን ያቀሩኝ ሸኽ ወደ እኔ ዞር ብለው "ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዓመት አዲስ አበባ ተቀምጠህ የምታጠናው ምንድን ነው?" አሉኝ። "ሕገ መንግሥትና የሃይማኖት ነጻነት ነው፣ ሸኽ። ለተማሪዎችም አስተምራለሁ" አልኳቸው። ትንሽ አሰብ አደረጉና "ነጻነቱ ካለ ስገድበት፤ ከሌለም አላህን ለምን። ምኑ ነው ሃያ ዓመት የሚያስጠናው?" አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ለታላቅ ሰው በዒድ ቀን መልስ መስጠት ነውር መስሎኝ ዝም አልኩ እንጂ ጥያቄያቸው እስካሁን አልለቀቀኝም። ብዙ አንባብያንም ይህንኑ ሳይጠይቁ አይቀሩም ብዬ በዚህ አምድ ልመልስ ተነሣሁ።

ነገሩን ከሩቅ ልጀምር። የመጀመሪያውን ሂጅራ ታሪክ እያነሳን ሁላችንም እንኮራለን፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን ይህን ታሪክ ክፍል ውስጥ ሳነሳ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ አለኝ። ቁረይሾች መልእክተኞቻቸውን ስጦታ አስይዘው ልከው ስደተኞቹ ተላልፈው እንዲሰጧቸው በጠየቁ ጊዜ፣ ነጃሺ ፍትሕ አዋቂ ንጉሥ ባይሆን ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር? ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ቆሞ የሙስሊሞቹን ጉዳይ ያስረዳው በንጉሡ ፊት ነው። ከንጉሡ ሌላ የሚጠቅሰው ሕግ፣ ይግባኝ የሚልበትም ሸንጎ በዚያ አገር አልነበረውም። ንጉሡ ደግ ነበርና ዳኑ። ደግ ሰው ግን ይሞታል፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣውን የሚያውቀው አላህ (ሱ.ወ) ብቻ ነው። ችሮታና መብት የሚለያዩት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የአገራችንን ሕጎች በዚህ ዓይን መመርመር ስጀምር ብዙ የተደበቀ ነገር ብቅ አለ። የ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ስለ ሃይማኖት ነጻነት አንድም አንቀጽ የለውም። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው በአንቀጽ 40 ላይ በሃይማኖታዊ ሥርዓት አፈጻጸም ጣልቃ እንደማይገባ ይናገራል። መልካም ነው፤ ነገር ግን ይህን ጥበቃ የሚሰጠው በንጉሠ ነገሥቱ ግዛት ለሚኖሩ፣ ማለትም ለነዋሪዎች ነው። ይኸው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ በመንግሥት ትደገፋለች ይላል። ንጉሠ ነገሥቱም ምንጊዜም የዚያ እምነት ተከታይ እንዲሆኑ ያዝዛል። በዚያ ዘመን "በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች" ስንባል የኖርነው በአጋጣሚ አልነበረም። እንግዳ ቤት ውስጥ አይነካም፤ የቤቱ ባለቤት ግን አይደለም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 398 ቤተ ክርስቲያኒቱ የሕግ ሰውነት እንዳላት ሲደነግግ፣ የሌሎቹን እምነቶች ጉዳይ ገና ለሚወጣ ልዩ ሕግ ተወው። የሕግ ሰውነት ማለት ምን ማለት ነው? በራስ ስም መሬት መያዝ፣ ውል መዋዋል፣ መክሰስና መከሰስ ማለት ነው። ይህ የሌለው ተቋም መስጊዱን በአንድ ደግ ሰው ስም ያስመዘግባል፤ ያ ሰው ሲሞት ወራሾቹ ቤቱ የአባታችን ነው ብለው ይመጣሉ። ማንም ከመስገድ አልከለከለንም፤ የምንሰግድበት ቦታ ግን በሕግ የማን እንደሆነ አይታወቅም ነበር። ለሸኼ ልነግራቸው የፈለግሁት አንዱ ነገር ይህ ነው።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች በአዲስ አበባ አደባባይ የወጡት ይህን ለማስቀየር ነበር። የብዙዎቹ ምኞት ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ተብሎ መጠራት ነበር። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ዒድ አል-ፊጥርን፣ ዒድ አል-አድሓንና መውሊድን የሕዝብ በዓላት አደረጋቸው፤ በ1968 ዓ.ም. መጅሊሱ ተቋቋመ። ይሁን እንጂ የ1979ኙ የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 46 የሰጠውን የእምነት ነጻነት ከመንግሥትና ከአብዮቱ ጥቅም ጋር እንዳይቃረን ብሎ መልሶ አሰረው። የአብዮቱን ጥቅም የሚተረጉመው ማን እንደነበር ለዚያ ዘመን ሰው መንገር አያሻም።

አሁን ወደ ራሴ ትውልድ ልምጣ። ኅዳር 19 ቀን 1987 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሸሪዓ በሕገ መንግሥቱ ቦታ እንዲኖረው ለመጠየቅ ከወጣው ሕዝብ መካከል እኔም ነበርኩ። ገና ወጣት ተማሪ ነበርኩ፤ ድምፄ እስኪዘጋ ተክቢራ አሰማሁ። ሕገ መንግሥቱ ከዐሥር ቀን በኋላ ኅዳር 29 ቀን ጸደቀ። አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ አይገባም አለ። አንቀጽ 78 ቀድሞ በመንግሥት ይታወቁ የነበሩት የሃይማኖት ፍርድ ቤቶች እንዲቀጥሉ ሲፈቅድ፣ አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ በግልና በቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ መዳኘት የሚቻለው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው አለ። ጓደኞቼና እኔ የተሸነፍን መሰለን። ያቺ "ሲፈቅዱ" የምትል ቃል አንገበገበችኝ። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የቃዲዎችና የናኢባ ምክር ቤቶች አዋጅ እንኳ በጋብቻና በፍች ጉዳይ ተከራካሪዎቹ ሙስሊም መሆናቸው ይበቃው ነበር። ንጉሡ የሰጡንን ይህ ሕገ መንግሥት ወሰደብን ብዬ ነበር ወደ ሕግ ትምህርት የገባሁት። እልህ ነው ያስተማረኝ ብል አልዋሸሁም።

የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992 የፈቃዱን ነገር በዝርዝር አስቀመጠ። መጥሪያ በአግባቡ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል፤ ቀርቦ አልዳኝም ካለ ግን ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ይሁንና በአንድ የውርስ ክርክር ተከሳሾች በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት አንፈልግም እያሉ ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ተጓዘ። ጉዳዩ በሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ በኩል ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ቀረበና ምክር ቤቱ በ1996 ዓ.ም. ያለ ፈቃዳቸው የተሰጠው ፍርድ ዋጋ የለውም ብሎ ወሰነ። ያን ጊዜ ጀማሪ መምህር ነበርኩ። ውሳኔውን በክፍል ውስጥ አጥብቄ ነቀፍኩት፤ ሙስሊም ነኝ ያለ ሰው በሸሪዓ መዳኘትን አብሮ ተቀብሏል የሚል ጽሑፍም ጽፌበታለሁ። ዛሬ ያን ጽሑፍ ሳየው አፍራለሁ። ያሳፈረኝ ደግሞ መጽሐፍ አይደለም፤ አክስቴ ናት።

የአክስቴ ባል ዲንሾ ውስጥ ሲሞት አክስቴንና ሁለት ሴት ልጆችን ትቶ ነበር። ዕዳው ከተከፈለ በኋላ 24 ከብት ቀረ። የሟቹ ወንድም በባህሉ መሠረት ሴት አትወርስም ብሎ ሽማግሌ ሰበሰበ። አክስቴ ለሽማግሌዎቹ እምቢ አለችና ቃዲ ዘንድ ሄደች። ፍርዱ በቁርአን እንደተደነገገው ሆነ። ለሚስት አንድ ስምንተኛ 3 ከብት፣ ለሁለቱ ሴት ልጆች ሁለት ሦስተኛ 16 ከብት፣ የቀረው 5 ለወንድምየው። ልብ በሉ፣ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ብትሄድ ኖሮ ልጆች እያሉ ወንድም አይወርስም ነበር፤ እሷም የጋራ ሀብቱን ግማሽ ትወስዳለች። ይህን ነግረዋታል። "አላህ የሰጠውን አልከለክለውም" ብላ አምስቱን ከብት ራሷ እየነዳች አስረከበችው።

ከዓመታት በኋላ የሌላኛው አጎቴ ልጅ ተራ ደረሰ። አባቷ ጎባ ላይ ቤት ትቶ ሞቶ ነበር። ወንድሞቿ ቃዲ ዘንድ ከሰሷት፤ እሷ ቀርባ አልዳኝም አለችና ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ሄደ፤ እኩል ድርሻም አገኘች። ዘመድ ሁሉ ፊቱን አዞረባት፤ ከሠርግም ከለቅሶም ተለየች። የቤተሰቡ የሕግ አዋቂ እኔ ነኝና ደውላ ምክሬን ስትጠይቀኝ "እንዴት ታዋርጂናለሽ?" ብዬ ስልኩን ዘጋሁባት። የሃይማኖት ነጻነት አስተማሪው እኔ! በዘመዶች ፊት የተሟገተችላት አክስቴ ብቻ ነበረች። "እኔ ቃዲ ዘንድ የሄድኩት ወድጄ ነው። እሷን ጎትታችሁ የምትወስዱ ከሆነ፣ የእኔ መሄድ በመውደዴ መሆኑን ማን ያምነኛል?" አለቻቸው።

ማንበብና መጻፍ የማትችል ሴት ያለችው ነው። ሱዳናዊው የሕግ ሊቅ ዐብዱላሂ አን-ናዒም ስለ እስልምናና መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመው መጽሐፍ የሚከራከርበት ዋናው ነጥብም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በመንግሥት ኃይል የተፈጸመ ሸሪዓ የአላህ ትእዛዝ መሆኑ ቀርቶ የመንግሥት ትእዛዝ ይሆናል ይላል። ከአን-ናዒም ጋር የማልስማማባቸው ብዙ ነገሮች አሉ፤ በዚህ ግን አክስቴ ቀድማዋለች። አል-በቀራ ምዕራፍ 256ኛው አያት በሃይማኖት ማስገደድ እንደሌለ ሲነግረን፣ እኛ አያቱን ለሌላው እምነት ተከታይ ብቻ የወረደ እናስመስለዋለን።

በ2004 ዓ.ም. መንግሥት አንድን አስተምህሮ ሊጭንብን ነው ብለን ጁሙዓ ጁሙዓ "ድምፃችን ይሰማ" ስንል የጠቀስነው አንቀጽ 11ን ነው። ሰዎች ታሰሩ፣ በ2007 ዓ.ም. ረጅም እስራት ተፈረደባቸው፣ በኋላም ተፈቱ። መጅሊሱም በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 የሕግ ሰውነቱን አገኘ፤ ከአንቀጽ 398 ጀምሮ ቢቆጠር 60 ዓመት መሆኑ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም በሂጃባቸው ምክንያት ከትምህርት የራቁት እህቶቻችን ጉዳይም ፍርድ ቤት ደርሶ ክልከላው ለጊዜው ታግዶ ነበር። አንቀጽ 27 እምነትን በተግባር መግለጽ ሊገደብ የሚችለው በሕግ ብቻ መሆኑን ስለሚናገር "በየትኛው ሕግ?" ብሎ መጠየቅ ይቻላል። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከእኛ መካከል መውጣት አለበት። የባሌን ሙስሊሞች ታሪክ እንኳ ስንፈልግ ቀድሞ እጃችን የሚገባው የኖርዌዩ ተመራማሪ የቴርየ ኦስተቦ መጽሐፍ ነው። ለእሱ ምስጋና ይገባዋል፤ እኛ ግን የት ነበርን?

በእኛ በባሌ ወደ ድሬ ሸኽ ሁሴን ለዚያራ የሚጓዘውና ይህን ቢድዓ ነው የሚለው ሰው ከአንድ እናት ይወለዳሉ። አንቀጽ 27 ለሁለቱም ነው የተጻፈው። ከመንግሥት ጣልቃ ገብነት የሚከላከልልን አንቀጽ፣ በዚያው ብዕር፣ ያቺን የአጎቴን ልጅም ከእኛ ይከላከልላታል። ግማሹን ወስዶ ግማሹን መተው እንደማይቻል ለመረዳት ነው እንግዲህ ሃያ ዓመት የፈጀብኝ።

ይህን ጽሑፍ ለጋዜጣው ከመላኬ በፊት ለሸኼ ደውዬ ፍሬ ነገሩን ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ስለ አንቀጾቹ ምንም አላሉም። "ልጅቱ ተመልሳ ቤት መጣች?" ብለው ጠየቁኝ።

"አልመጣችም፣ ሸኽ።"

"ደውለህላታል?"

"አልደወልኩም።"

"ስልክ አይሆንም። ጎባ ድረስ ሄደህ ራስህ አምጣት" አሉኝ።

በሚመጣው ቅዳሜ እሄዳለሁ፣ ኢንሻ አላህ።